ኦሪጅናሉ ኩሽኔታ

አዳማ ውስጥ ሞተር ሳይክሌን ጋራዥ ጥዬ አልሄድም፤ ኦሪጅናሉን ዕቃ አውጥተው ፎርጅድ ይገጥሙልሃል። የእኔን የሸጠልኝ የባለቤቴ ወንድም «ከፋብሪካ ከወጣች ብሎን አልተፈታባትም» ብሎ ምሎልኛል። ስለዚህ የፊት ጎማዋ ኩሽኔታ አልቆ መጮህ ሲጀምር፣ ጎማውን ፈትቼ ግቢ ውስጥ ራሴ ላወጣው ተቀመጥኩ። የቆቃ መንገድ አቧራና ዝገቱ አጣብቀውት ኖሮ በመዶሻ ብመታው፣ በብረት ዘንግ ብገፋው ንቅንቅ አልል አለ።

አከራዬ ኳኳታው ሲሰለቻቸው የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዘው መጡ። «ብረቱ ሲሞቅ ይለቃል» ብለው ቸርኬው መሃል ላይ አፈሰሱና መዶሻውን ተቀበሉኝ። ድሮ ሞጆ መለዋወጫ ይሸጡ እንደነበር ስለማውቅ ዓይኔን ከእጃቸው አልነቀልኩም። ያለቀም ቢሆን ኦሪጅናል ኦሪጅናል ነው።

ደጋግመው ሲመቱት ዱብ አለ። ከእኔ ቀድመው አነሱት፤ ደነገጥኩ። በጨርቅ ጠርገው ጠርዙ ላይ የተቀረጸውን አሳዩኝ። የፋብሪካው ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። ፎርጅድ ነው።

እጃቸው ላይ የተተከለውን ዓይኔን አዩና ኩሽኔታውን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«እንካ ልጄ፣ እንዳይሰርቁህ ደብቀው።»