ለጀልባችን ማሰሪያ ስንፈልግ

የምንኖረው ጀልባ ላይ ነው ስላቸው ሐበሾች መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምነው፣ ቤት አጣችሁ እንዴ?» ይሉኛል። አላጣንም። ቤታችን ራሱ ጀልባው ነው። ሁለት መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤትና ሻወር አለው። ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ፣ ከሴንት ፖል ድልድዮች በታች፣ በወፍራም ገመድ ታስሮ ይውላል፣ ታስሮ ያድራል። የሚወዛወዘው ትልልቆቹ የጭነት ጀልባዎች ሲያልፉ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ምድጃ ላይ ወጥ ከተጣደ ድስቱን ያዝ ማድረግ ነው።

ጀልባውን ያገኘነው በእኔ ሥራ በኩል ነው። ቤት ለቤት እየሄድኩ አዛውንቶችን እንከባከባለሁ። ከእነሱ አንዱ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት በዚያ ጀልባ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ጉልበታቸው ሲደክም ልጃቸው ወደ ሌላ ስቴት ወሰደቻቸው። ከመሄዳቸው በፊት፣ «ለማላውቀው ሰው አልሸጠውም፤ እናንተ ግቡበት» አሉኝ። እኔ ውሃ እፈራ ነበር። ባለቤቴ ግን ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው ያደገው። ጀልባውን ያየ ቀን ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ በሠርጋችን ቀን እንኳን አላየሁበትም። በዚያው በጋ ሜፕልዉድ ከነበረው አፓርትመንታችን ለቀን ገባን።

ጥቂት ዓመታት በሰላም ኖርን። ከዚያ ማሪናው፣ ማለትም ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት ግቢ፣ ለሌላ ሰው ተሸጠ። በጋው ሊያልቅ አካባቢ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከጀልባ ጀልባ እየዞረ መጣ። ትሑት ሰው ነበር፤ ኮፍያውን አውልቆ ነው ያናገረን።

«ከእንግዲህ ሰው የሚኖርበት ጀልባ አናስተናግድም። ወንዙ በረዶ ሳይሠራ መልቀቅ ይኖርባችኋል» አለ።

ባለቤቴ፣ «ወዴት?» ሲለው ኮፍያውን መልሶ አድርጎ ወደ ቀጣዩ ጀልባ አለፈ።

ቤት የለቀቀ ሰው ዕቃውን መኪና ላይ ጭኖ ይሄዳል። እኛ ቤቱን ራሱን የምናስርበት ቦታ ነው የሚያስፈልገን፤ ያውም መብራትና ውሃ ያለበት፣ ክረምቱን ሙሉ የሚያስኖረን። በረዶው ከቀደመን ጀልባው ካለበት አይነቃነቅም። ሻኮፒ መጋዘን ውስጥ የሚሠራው ባለቤቴ ሺፍት በሌለው ቀን ሁሉ መኪና አስነስተን የወንዙን ዳር ይዘን እንሄድ ነበር። አንዱ ማሪና የሚሠራው በበጋ ብቻ ነው። ሌላው ወረፋው መች እንደሚደርሰን እንኳን አያውቅም። ሌላው ጀልባችንን በፎቶ አይቶ «ረዘመብኝ» አለ። አንዷ ሴት ደግሞ በስልክ እየሳቀች፣ እየተጫወተች ቆይታ ልጅ እንዳለን ስነግራት ድምፅዋ ተለወጠ። «መልሼ እደውልላችኋለሁ» አለች። አልደወለችም።

ቤተ ክርስቲያን ስንሄድም ወሬው እሱው ነበር። ፕሊማውዝ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ እጄን ይዛ፣ «አንቺ፣ ልጅ ይዘሽ ውሃ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ሽጡትና እንደ ሰው ኑሩ። እስከዚያ ከቤቴ ሥር ያለው ቤዝመንት ባዶ ነው» አለችኝ። ክፉ አላሰበችም። እኔም በልቤ ግማሽ ያህል ተስማምቼላት ነበር።

በዶኩ ላይ፣ ውሃው ላይ በተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ ግራና ቀኝ፣ የነበሩት ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ሄዱ። ጠዋት ጠዋት ገመዶቹ ላይ አመዳይ መታየት ጀመረ። አንድ እሑድ ምሳ በልተን ስንጨርስ ባለቤቴ ሳህኑን ገፋ አደረገና፣ «በቃ፣ እንሽጠው» አለ። ያን ቃል ስጠብቀው የኖርኩ መስሎኝ ነበር። ሲመጣ ግን እንባዬ ቀደመኝ። ልጃችን ከመኝታ ቤቷ ብቅ ብላ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ «የእኔን ክፍልም ነው የምትሸጡት?» አለችን። ያኔ ነው ውሃ እፈራ የነበርኩት ሴት ጀልባውን መውደዴን ያወቅኩት። አልቅሼ ስጨርስ፣ «አንሸጠውም። ገና እንፈልጋለን» አልኩ። እንዴት እንደምናገኝ ግን አላውቅም ነበር።

ዶኩ ላይ ከእኛ ሌላ የቀሩት ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ። ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ጡረታ የወጡ በያጅ ናቸው። ወንዙ ወደሚወርድበት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አንዲት አሮጊት የሚያስተዳድሩት ትንሽ ማሪና እንዳለ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ስልክ አያነሱም። ልጅ ያለው ሰውም አይቀበሉም» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ይነግሩኛል?»

«ሄደሽ አነጋግሪያቸው። ሰው ፊታቸው ቆሞ ሲለምናቸው እምቢ ማለት ይችሉ እንደሆነ እንጃ።»

ሄድኩ። አሮጊቷ የጎማ ቦት አድርገው የተሰበረ ሳንቃ ይነቅሉ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «ቦታ አለኝ። ልጅ አላችሁ?» አሉ።

«አንዲት ሴት ልጅ አለችን።»

«እንግዲያው ቦታ የለኝም።»

መኪናዬ ጋ ከደረስኩ በኋላ ተመለስኩ። «ለምን እንደሆነ ብጠይቅዎት ቅር ይልዎታል?» አልኳቸው።

መዶሻቸውን አስቀምጠው ሳንቃው ላይ ተቀመጡ። ድሮ አንድ ሕፃን በጀልባና በዶክ መካከል ውሃ ውስጥ ወድቆ ነበር። ያወጡት እሳቸው ናቸው። ተረፈ። «የተረፈው እሱ ነው። እኔ ግን ዛሬም ልጅ ሲሮጥ ሳይ እደነግጣለሁ» አሉ።

እኔም በዚሁ ፍርሃት ሌሊት እንደማልተኛ ነገርኳቸው። ልጄ ከበር ስትወጣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬቷን ሳታጠልቅ አንድ እግር እንደማታነሳ፣ እሷን ለዋና ትምህርት ሳስመዘግብ እኔም አብሬ እንደተመዘገብኩ፣ እሷ ዓሣ ስትሆን እኔ ድንጋይ ሆኜ እንደቀረሁ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «አምጫት» አሉ።

ቅዳሜ ሦስታችንም ሄድን። አሮጊቷ እኛን ሰላም አሉንና ጎንበስ ብለው ልጅቷን ጠየቋት።

«ውሃ ውስጥ ብትወድቂ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አልወድቅም።»

«ብትወድቂስ?»

«በጀርባዬ እንሳፈፋለሁ፣ እጮሃለሁ፣ ገመድ እስኪወረወርልኝ እጠብቃለሁ» አለች። ትንሽ አሰብ አደረገችና ጨመረች፤ «እናቴን ግን እንዳትዘል እነግራታለሁ። ሁለት ሰው ማውጣት ይከብዳችኋል።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረው፣ «በጀልባችሁ በሁለቱም ጎን መሰላል ይሰቀል። ኑ፣ በረዶው ሳይቀድማችሁ» አሉት። ባለቤቴ እንደ አገሩ ሊስማቸው ወደ ጉልበታቸው ዝቅ ሲል ዕቃ የጣለ መስሏቸው አብረውት ጎንበስ አሉ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቅ መጣ። የጀልባው ሞተር ከተነሣ ዘመን አልፎታል። ጎረቤታችን ከባለቤቴ ጋር ሆነው ፈቱት፣ ገጠሙት፣ ዘይት በዘይት ሆኑ። በመጨረሻ ተንኮሻኩሾ ተነሣ። የምንሄድ ቀን ብርጭቆዎቹን በፎጣ ጠቅልዬ አልጋ ላይ አስተኛኋቸው። ጎረቤታችን በትንሿ የሞተር ጀልባቸው ከኋላችን ተከተሉን።

ከነበርንበት ብዙም ሳንርቅ ሞተሩ ጠፋ። ወንዙ ዝም ብሎ ወሰደን። ከፊታችን ደግሞ ከታች የሚመጣ የጭነት ጀልባ ጥሩምባውን ነፋ። ያን የሚያህል ነገር ፍሬን የለውም። ልጄን አቅፌ፣ «እመቤቴ!» ስል ባለቤቴ ሞተሩ ላይ ተደፍቶ ይታገላል። ጎረቤታችን በጎናችን አልፈው ገመድ ወረወሩልኝ። ያዝኩት፣ ጀልባችን የሚታሰርበት ብረት ላይ ጠመጠምኩት፣ እንዴት እንደጠመጠምኩት አላውቅም። እየጎተቱ ወደ ዳር አወጡን። የጭነት ጀልባው እንደ ተራራ አጠገባችን አለፈ፤ ማዕበሉ አንስቶ ጣለን። አንድም ብርጭቆ አልተሰበረም። ሞተሩም ጥቂት ካረፈ በኋላ ተነሣ።

ከሰዓት በኋላ ደረስን። አሮጊቷ ዳር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር፤ ገመዱን ከእጄ ተቀብለው አሰሩት። የኤሌክትሪኩ ገመድ ተሰክቶ ማሞቂያው ሲያንጎራጉር ባለቤቴ ግድግዳ ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለና ከነጫማው እንቅልፍ ወሰደው።

እኔ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩላት። «ታሰርን!» አልኳት፣ ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ።

«ምን? ማን አሰራችሁ?» ብላ ጮኸች። «ጠበቃ ልፈልግ? የት ነው ያላችሁት?»

ስቄ ስቄ መልስ መስጠት አቃተኝ። ልጄ ስልኩን ተቀብላ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «ጀልባው ነው የታሰረ፣ አክስቴ። እኛ ደኅና ነን» አለቻት።

በረዶው የመጣው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጎረቤታችንም ቀድመውት የሚኖሩበትን ጀልባ አምጥተው አጠገባችን ገብተዋል። አንድ ጠዋት ስንነሣ ወንዙ ነጭ ሆኖ አድሯል። ልጄን ወደ ስኩል ባስ ይዤ ስወጣ አሮጊቷ ዶኩ ላይ አሸዋ እየበተኑ ነበር፤ እንዳያዳልጣት። «ቀስ በይ» አሏት። ቀስ ብላ ሄደች።