እህቴን በእንግሊዝኛ የገደልኩበት ሰሞን

ሞኝነቴን ሌላ ሰው ሳያወራብኝ እኔው ልናገር። ከጎንደር የወጣሁ ዕለት ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ በካልሲ፣ እንደ በግ ሌባ እየተራመድኩ ነው ከቤት የወጣሁት። ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። ሚስቴ እናኑና ልጃችን ቀድመው ወደ አውቶቡሱ ወጥተዋል። ታላቅ እህቴ ባንቺ መደብ ላይ ተኝታለች። «ስትወጣ ቀስቅሰኝ፤ ስንቅህን በእጄ ነው የምሰጥህ» ብላኝ፣ ዳቦ ቆሎውን በጨርቅ ቋጥራ ራስጌዋ አስቀምጣዋለች። እሷ ማለት ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ እኔን አስራ ሁለተኛ ያደረሰች ሴት ናት። ወደ እስራኤል ለመሄድ የእኛ ስም ሲወጣ የእሷ «ገና ይታያል» ተባለ። እኔም ብቀሰቅሳት ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች እግሬ አይነሳም ብዬ ጫማዬን አንስቼ ወጣሁ። ስንቁም እዚያው ቀረ።

ይኸው አስራ ሁለት ዓመት። በየሳምንቱ እንደዋወላለን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ማን እንዳገባ ማን እንደተፋታ እናወራለን። ስለዚያች ጠዋት ግን እሷም አንስታ አታውቅም፣ እኔም።

አሁን የምንኖርባት ፔታ ቲክቫ ደህና ከተማ ናት፤ አልዋሽም። ዝናቧ ግን ዝናብ አይባልም፤ ቤት እንደተሳሳተ እንግዳ አንዴ ብቅ ይልና ይመለሳል። ሰውም «እንዴት ነህ?» ይልሃል እንጂ መልስህን አይጠብቅም። እኔ «ተመስገን፣ ቤተሰብስ? ከብቱስ?» እስክል ሰውየው ቀዩ ባቡር ውስጥ ገብቶ በሩ ተዘግቷል። እኔ ሚፍዓል ውስጥ፣ ፋብሪካ ነው፣ የፕላስቲክ ክዳን አሽጋለሁ። ልጄ ሺራ በአማርኛ ስጠይቃት በዕብራይስጥ ትመልስልኛለች። ተመስገን፣ መመለሷም አንድ ነገር ነው።

ታዲያ ሃምሳ ሊሞላኝ ሲል ሁለተኛው ሞኝነት መጣብኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ሚክላላ፣ ያው ኮሌጅ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍና ድርሰት ያስተምራል አሉኝ። ሄድኩ። መዝጋቢዋ ለልጄ የመጣሁ መስሏት፣ ቀና ሳትል፣

«ልጅህ ራሷ መምጣት አለባት» አለችኝ።

«ልጄ ሥራ ላይ ናት። ተማሪው እኔ ነኝ።»

አሁን ቀና አለች። «የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ? ተምረህ ምን ልትሠራበት?»

«አታስቢ፤ እስክጨርስ ጡረታ እወጣለሁ።»

«በሰደር» ብላ፣ እሺ ማለቷ ነው፣ ማህተሙን መታችው። እንደ ጥፊ ነው የጮኸው።

እውነተኛውን ምክንያት ብነግራት ይገባት ነበር? ልጅ ሆኜ የእንግሊዝኛ መጽሐፌን ጮክ ብዬ ሳነብ ባንቺ እንጨቱን እየፈለጠች ታዳምጠኛለች። አንዲት ቃል አይገባትም። «ድገመው እስቲ፣ ድምፁ ደስ ይላል» ትለኛለች። እኔን እንግሊዝኛ ያስወደደኝ መምህር ሳይሆን ያ «ድገመው» ነው።

መምህራችን ሺራን የምታክል ልጅ ናት። አንድ ቀን «ስለ መለያየት ጻፉ» አለችን። «እውነት ይሁን ፈጠራ እንደ ፍላጎታችሁ። ብቻ ታሪኩ ውስጥ የሆነ ነገር ይሁን።»

እውነቱን ጀመርኩ። ካልሲው ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። ቀደድኩት። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ካልሲው። ፈሪ ሰው መቼም መውጫ አያጣም፤ ገደልኳት። በድርሰቱ ባንቺ ጎንደር ትሞታለች፤ እኔ እዚህ ሆኜ በስልክ እሰማለሁ። ከሞተች ይቅርታ የሚጠየቅ ሰው የለም፣ ጉዳዩ ተዘጋ! ስሟን እንኳ አልቀየርኩም። ጨርሼ ግን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ለካ እናኑ ታየኝ ኖሯል። ሥራ ስሄድ ወረቀቱን ለሺራ ሰጥታ አስነበበቻት። ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ፤ «አክስቴ ሞታለች» አለቻት። ሌላ አገር ቢሆን ሚስት ባሏን ትጠይቃለች። እኛ ዘንድ መርዶ አይጠየቅም። የሰማ ሰው ይደብቃል፤ ሽማግሌ በማለዳ መጥቶ ያወጣዋል። እናኑም «ባሌ መርዶ ውጦ ብቻውን እየተቃጠለ ነው» ብላ ለዘመድ አዝማዱ ነገረች። ለእኔ ብቻ ትንፍሽ ያለ የለም።

እዚህ እሁድ የሥራ ቀን ነው፤ እሁድ ጠዋት ለሥራ ስነሳ በር ተንኳኳ። ከፍቼ ባይ ከላይኛው ፎቅ ያሉት ሽማግሌ አያ ታከለ ናቸው። ከኋላቸው ወንዶች፤ ከወንዶቹ ኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ይህን አሰላለፍ የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም።

«ባንቺ ናት?» አልኩ።

«አዎን ልጄ። በርታ።»

«ጽፌ ገደልኳት!» ብዬ ወለሉ ላይ ወደቅሁ። ደረቴን እየመታሁ፣ «ሳልቀሰቅሳት መጣሁ! ጫማዬን በእጄ ይዤ! ስንቁን ራስጌዋ ትቼ!» እያልኩ ለአስራ ሁለት ዓመት የደበቅሁትን ሁሉ በሰው ፊት ዘረገፍኩት። ደህና አድርጌ ተሰናብቼ የመጣሁ የመሰላት እናኑ አፏን ይዛ ቀረች። ሴቶቹ ከእኔ ጋር አለቀሱ።

አያ ታከለ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «መቼ ነው የሰማኸው?» አሉኝ።

«አሁን፣ ከእርስዎ ነዋ!»

«ከእኔ? እኔ ከአንተ ነው የሰማሁ!»

ለቅሶው ቆመ። ሁሉም እናኑን አዩ፤ እናኑ ሺራን። ሺራ ወረቀቱን ይዛ መጣች። «አባ፣ አንተው ነህ የጻፍከው።»

«ይሄማ ፈጠራ ነው! ለሚክላላ! መምህሯ ‹የሆነ ነገር ይሁን› ብላን!»

አያ ታከለ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ሰው በሕይወት ያለች እህቱን ለማርክ ብሎ ይገድላል? የሆነ ነገር ይሁን ካለችህ ላም አትገድልም ነበር?» አንዷ ሴት በነጠላዋ ውስጥ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ያላ፣ ደውልላት። ድምጿን ሳልሰማ ከዚህ አልሄድም።»

ደወልኩ። «ሃሎ፣ ወንድምዓለም! ምነው በጠዋቱ? ደህና ናችሁ?» አለች። ቤቱ እልልታ በእልልታ ሆነ።

ሰው ከወጣ በኋላ ሁሉንም ነገርኳት። መግደሌን። ከዚያ ካልሲውን፣ ስንቁን። ከወዲያ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማኛል።

«በእንግሊዝኛ ነው የገደልከኝ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አዎ፣ እታለም።»

«አንብብልኝ።»

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላት። አላቋረጠችኝም። እኔ ድምፄ ሲቆራረጥ ትጠብቀኛለች። ስጨርስ፣ «ድምፁ ደስ ይላል» አለች። ቀጥላም፣

«ድገመው እስቲ፤ እንደገና ጻፈው ወንድምዓለም። ብሞትም ባልሞትም ግድ የለኝም። ብቻ ስትወጣ ቀስቅሰኝ።»