የማይንቀሳቀስ ሒሳብ

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ሳምንት ደብረ ታቦር ዋናው መንገድ ላይ አባቴ ያልገቡበት ባንክ አልነበረም። እኔን አስከትለው ይገባሉ፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ። «አንበሳሜ ቅርንጫፍ አላችሁ?» የለንም ካሏቸው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይወጣሉ። ስለ ወለድ የሚያስረዳቸውንም፣ በስልክ ስለሚሠራው የሚነግራቸውንም ቆመው አይሰሙም።

እኔ አፍሬ መግቢያ አጥቼ ነበር። በግቢያችን በር ላይ ባንኮቹ ድንኳን ጥለው፣ ሙዚቃ ከፍተው፣ ለአዲስ ተማሪ ቲሸርትና ጃንጥላ ያድሉ ነበር። የዶርሜ ልጆች አምስቱም እዚያው ሒሳብ ከፍተው ቢጫ ቢጫ ጃንጥላ ይዘው ገብተዋል። ጃንጥላው አላማረኝም ብል ውሸት ነው፤ የደብረ ታቦር ዝናብ ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

ግን አባቴ ልክ ነበሩ። ቤታችን ከአንበሳሜ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ኔትወርክ አይደርስም፣ እሳቸውም ስልክ የላቸውም፣ ከተማ የሚወጡት በገበያ ቀን ብቻ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነበርን፤ አሁን እኔም ወጣሁ። ባንኩ አንበሳሜ ከሌለ እኔንና እሳቸውን የሚያገናኘን ምንም ነገር የለም።

አምስተኛው ባንክ «አለን» አለ። ሠራተኛዋ ፎርሙን እየሞላች፣ «ቁጠባ ነው ተንቀሳቃሽ?» ብላ ጠየቀች።

አባቴ ቀደሙኝ። «ተንቀሳቃሽ ይሁንላት እንጂ! ልጅ አይደለችም እንዴ፣ ምን አስቀመጣት?»

ሠራተኛዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ተንቀሳቃሽ የሚባለው ቼክ ለሚጽፍ ነጋዴ መሆኑን አስረዳቻቸው። «እንግዲያስ ቁጠባ» አሉ፣ ቅር እያላቸው። ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ተመለሱ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ስልኬ ላይ ከባንኩ መልእክት ገባ፤ «ውድ ደንበኛችን፣ እንኳን ደህና መጡ» ይላል። ከተወለድኩ ጀምሮ አንቱ ያለኝ የመጀመሪያው እሱ ነው። በዚያ ከተማ ውድ ያለኝም እሱ ብቻ ነበር።

የዶርሜ ልጆች ከሩቅ ነው የመጡት። ስልክ እየደወሉ ያለቅሳሉ፣ ይጽናናሉ፣ አንዷ የሌላዋን እንባ ትጠርጋለች። እኔ ሲከፋኝ ግን «አንቺማ አገርሽ ነው!» ይሉኛል። አገሬ መሆኑ እውነት ነው። ቅርብ ስለሆንኩ ማልቀስ አይፈቀድልኝም ነበር።

ደግሞ አንድ ያልነገርኳቸው ነገር ነበረኝ። አባቴ እኔን ለማስተማር ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጠዋል። ባለ አንድ በሬ ሆነው ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነበር የሚያርሱት፤ የሁለቱን በሬ አጣምረው አንድ ቀን የእሳቸውን መሬት፣ አንድ ቀን የጎረቤቱን። ይህን እያሰብኩ በየገበያው የሚያስገቡልኝን ብር መንካት አቃተኝ። ካፌው ያበላኛል፣ ልብስ ከቤት ይዤያለሁ። ምንም ሳልነካ አጠራቅሜ፣ ክረምት ሲገባ በሬውን እመልስላቸዋለሁ አልኩ።

«ነይ፣ ላውንጅ ሻይ እንጠጣ» ሲሉኝ ሆዴን አሞኛል እላለሁ። በሌላው ቀን ራሴን ነው። በሌላው ደግሞ ጥርሴን። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ተዉ፤ አልፈርድባቸውም። ከላውንጅ ሲመለሱ በኮሪደሩ ሳቃቸው ይሰማኛል፣ በሩን ሲከፍቱ ዝቅ ያደርጉታል፣ የታመመች ሰው አለች ብለው። እኔ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ የተኛሁ እመስላለሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ዓመት ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

የምጠብቀው የገበያ ቀንን ነበር። የባንኩ መልእክት ሲመጣ ብሩን ሳይሆን ሰዓቱን ነበር የማነበው። አራት ሰዓት ላይ ከገባ፣ አባቴ ጎህ ሲቀድ ተነሥተዋል፣ እግራቸውም ደህና ነው ማለት ነው። ስድስት ሰዓት ካለፈ ጉልበታቸው ተነሥቶባቸዋል ብዬ እጨነቃለሁ። መልሼ ልጠይቃቸው ግን አልችልም።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን፣ ከክፍል ስወጣ የበሩ ጥበቃ ሰው ላከብኝ። ሮጬ ስደርስ አባቴ ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፣ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በአንዱ ትንሽ ጀሪካን ይዘዋል።

«ተሻለሽ ወይ ልጄ?»

«ከምኑ አባየ?»

«ከያዘሽ ነዋ።» ግንባሬን ዳሰሱት። «ጠበል ይዤልሽ መጥቻለሁ።»

«ማን ታማለች አለዎት?»

«ባንኩ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ገንዘብ ባስገቡ ቁጥር አንበሳሜ መስኮቱ ላይ የሚቀመጠውን ወጣት «ልጄ እንደምን ናት?» ይሉታል። መጀመሪያ ምን ላውቅ እችላለሁ ብሏቸዋል። በኋላ ግን አዘነላቸው መሰለኝ፣ ኮምፒውተሩን አየት አድርጎ አንድ ነገር ይነግራቸው ጀመር።

«‘ሒሳቧ አይንቀሳቀስም’ አለኝ» አሉ አባቴ። «በሚቀጥለው ገበያ ብጠይቀው አይንቀሳቀስም። በሦስተኛውም አይንቀሳቀስም። እናትሽንም እኮ እንዲህ አርጎ ነው የጀመራት። መጀመሪያ መንቀሳቀስ ተወች።»

ልስቅ ፈልጌ አፌን ስከፍት ልቅሶ ሆነብኝ። ከጥበቃው ፊት፣ ከሚገባው ከሚወጣው ተማሪ ፊት፣ ያጠራቀምኩትን የሦስት ወር እንባ እዚያ በር ላይ አፈሰስኩት። ስለ በሬው ነገርኳቸው። ምንም እንዳልነካሁ፣ ሁሉም እንዳለ እንዳለ ነገርኳቸው። ያመሰግኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«በሬውን ብፈልገው ምን አሸጠኝ?» አሉ ተቆጥተው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በይ አውጪና ብይ። በገበያው ዋዜማ አውጪ። ትንሽም ብትሆን አውጪ፣ መንቀሳቀስሽን ልስማ።»

ጠበሉንም ከመጣ አይቀር ብለው አስጠጡኝ።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ዋዜማ ኤቲኤሙ ጋ እሰለፋለሁ። ሃምሳ ብር። የመጀመሪያውን ይዤ የዶርሜን ልጆች «ዛሬ ጋባዧ እኔ ነኝ» አልኳቸው። ደንግጠው ተያዩ፣ ከዚያ መጡ። ወንበር ሳቡልኝ፣ ሻዬ ላይ ስኳር ጨመሩልኝ። ወሬያቸው ግን እኔ በሌለሁበት የተጀመረ ነበር፤ የሚስቁበትን ሁሉ አብሬ ሳልረዳው ሳቅሁ። የጠፋውን ሦስት ወር በሃምሳ ብር መልሼ ልገዛው አልቻልኩም። ቢሆንም አወጣ ነበር። ዝናብም ቢሆን፣ ፈተናም ቢሆን፣ ሰልፉ እስከ መንገዱ ቢደርስም። ደህና ነኝ የምልበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

የተመረቅኩ ክረምት ከአባቴ ጋር አንበሳሜ ገበያ ወጣሁ። እሳቸውን ውጭ ትቼ ያንን ወጣት ላመሰግነው ባንኩ ውስጥ ገባሁ። መስኮቱ ላይ ግን አንዲት ልጅ ተቀምጣለች፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነግሬ ስለ ወጣቱ ጠየቅኳት።

«እሱ ከተዛወረ ሁለት ዓመት ሆነው» አለችኝ።

«ታዲያ ለአባቴ የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ?»

«የደንበኛን ሒሳብ ለሌላ ሰው መንገር አይፈቀድም እኮ። አንድ ጊዜ ጠይቀውኝ ነበር። አይቻልም አባባ ስላቸው ‘ደግ’ ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ጠይቀውኝ አያውቁም።»

ስወጣ አባቴ ዱላቸውን ተደግፈው ጥላው ሥር ቆመዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ የተሰለፍኩት ሰልፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ።

«አባየ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ የሚነግርዎ ሰው አልነበረም እንዴ?»

«አልነበረም።»

«እኔ እኮ አንድም ሳምንት አላቋረጥኩም።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም።» ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «ገንዘቡን ሰጥቼ ስወጣ፣ ‘ዛሬም አውጥታለች’ እያልሁ ነበር ቤቴ የምገባ።»