እሜቴ የሺ በገሳይ ገበያ እልል ያሉ ዕለት

ይንገሩን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው፤ እኔማ ዝም ብዬ ጥጤን ስፈትል ነበር። ነገሩን ያመጣው ስልክ ነው። የልጅ ልጄ ሰናይት ዓረብ አገር ሠርታ ከተመለሰች ወዲህ ደብረ ታቦር እኔ ዘንድ ናት፤ አግብታ፣ አርግዛ፣ ቀኗን ትጠብቅ ነበር። ባሏ ሚኒባስ ይነዳል፤ በሐሙሲት አድርጎ ባሕር ዳር ይመላለሳል። የዛሬን ወሬ ደግሞ ታውቁታላችሁ። መንገዱ ጧት ክፍት ነው ይባላል፣ ቀትር ላይ ተዘጋ ይባላል፣ ማታ ደግሞ ኧረ ሰላም ነው ይባላል። ሰናይት ይህን ሁሉ ከስልኳ ትለቅማለች። አንድ ጎርሳ ስልኳን ታያለች፤ ስልኳን አይታ ምግቡን ትገፋዋለች። ሆዷ እየገፋ ፊቷ እየከሳ ሄደ።

አንድ ቀን ወንድሞቿ ተማክረው ስልኩን ደበቁባት። ቤቱ ታመሰ።

«ጡት ያልጣለች ልጅ መሰልኳችሁ? አምጡ!»

«ለአንቺው ብለን ነው እኮ! እማማ፣ እርስዎ ይፍረዱን። እናታችንን ሲያረግዙ እርስዎ ወሬ ከየት ነበር የሚሰሙት?»

«እኔማ ወሬዬን ያገኘሁት ጎታ ውስጥ ነው» አልኳቸው።

ሳቁ። ሰናይትም ሳትወድ ሳቀች። ከዚያ «ይንገሩን» ብለው ዙሪያዬን ተቀመጡ። ያን ዕለት የነገርኳቸውን ነው እዚህ የምጽፈው፤ ለእነሱ ያልነገርኳት አንዲት ነገርም አለች። ተማሪ ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት፣ ሕፃን አዝዬ ነው። ወዲያና ወዲህ ብል አትፍረዱብኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። የተዳርኩት ከገሳይ ወረድ ብላ ካለች መንደር ነው፤ በር ሲከፈት ጉና ፊት ለፊት ይታያል፣ ነፋሱም ከዚያው እየተንደረደረ ይገባል። ባሌ ታከለ ይባላል፤ እናቱ የሺ። ምራት አማቷን በስም አትጠራም፣ እሜቴ ነበር የምላቸው። እርሳቸውም የቤት ስም አውጥተውልኝ ዓለሜ ይሉኛል። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነገር የማይደጋግሙ ሴት ነበሩ። ከራሳቸው ቅቤ ተለይቶ አያውቅም፤ ገበያ ውለው ሲመለሱ ገና አጥሩ ጋ ሳሉ ሽታቸው ቤት ይደርሳል።

የባሌ ታናሽ እህት ውዴ እብናት ነው የተዳረችው፣ ቆላ። እኔና እርሷ በአንድ ዓመት አረገዝን፤ እርሷ ሁለት ወር ያህል ትቀድመኛለች። እኔን ደግሞ ያማረኝ ጥንቅሽ ነበር። ጉና ሥር ጥንቅሽ ከየት ይመጣል? ገብስና ድንች እንጂ እንደ ማሽላ ያለ፣ አገዳው የሚመጠጥ ጣፋጭ ነገር ደጋ አይበቅልም። ውዴ አምሮቴን ሰምታ በገበያተኛ እጅ አንድ እቅፍ ላከችልኝ። «እኔ ቀድሜ ወልጄ መንገዱን አሳይሻለሁ በሏት» ብላ አብራ ልካለች። እንዲህ ነበረች ውዴ፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ በሁሉ ነገር ቀዳሚ።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። የእናቴ ልጅ፣ አንድ ወንድሜ አየነው፣ ለውትድርና ታፍሶ ወደ ሰሜን ሄዷል። ታከለ ሬዲዮ ነበረው፤ እኔ ነኝ ከነጠላ ጥለት ልብስ የሰፋሁለት። ማታ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ይሰማል፤ ስለ ጦሩ ይወራል፣ በኋላ ዘፈን ሲመጣ ታከለ ትከሻውን ይሰብቃል። እኔ ጥግ ይዤ እየፈተልኩ ጆሮዬ እዚያው ነው። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም፤ ብቻ ሬዲዮው ክፉ ሳይናገር ሲዘጋ፣ አየነው አንድ ቀን ጨመረ እላለሁ።

ጥቅምት ላይ፣ ገብሱ ሲታጨድ፣ እሜቴ «የውዴ ቀን ደርሷል፣ ሄጄ ላርሳት» ብለው ከታከለ ጋር ወደ እብናት ወረዱ። ብዙ ይቆያሉ ብዬ ስጠብቅ ቶሎ ተመለሱ።

«ወለደች?» አልኳቸው ገና ከደጃፍ።

«ወለደች።»

«ምን?»

«ወንድ።»

«ታዲያ ምነው ሳይቆዩላት?»

«እርሷ የባሏ እናት አለችላት። አንቺስ ማን አለሽ?» አሉና እቅፍ ጥንቅሽ ፊቴ አኖሩ። «እንኪ፣ ውዴ ልካልሽ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬዲዮው ዝም አለ። «ድንጋዩ አለቀ» አለኝ ታከለ። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፤ «ላስጣው?» ስለው «ተይው» ብሎኝ ወደ አጨዳው ሄደ። እሜቴም ቅቤ መቀባት ተዉ። ብጠይቃቸው «ለአንቺ ተስያለሁ፤ በሰላም እስክትወልጂ ራሴ ቅቤ አይነካውም» አሉኝ። እውነት ለመናገር ኮራሁ። የትኛዋ ምራት ናት እንዲህ የሚሳሉላት?

አንድ ጧት ለቆሎ የሚሆን ገብስ ልዝቅ ጎታው ውስጥ እጄን ሰደድኩ። ጎታ መቼም ከጭቃና ከጭድ የሚሠራ የእህል ማኖሪያ ነው፤ ገብሱ እስከ ክንዴ ያሞቃል። በዚያ ሙቀት መሐል ቀዝቃዛ ነገር ነካኝ። አወጣሁት። የሬዲዮ ድንጋይ፤ አዲስ፣ ወረቀቱ እንኳ ያልተፋቀ። ሌላም ወጣ፣ ሌላም።

እዚያው ቁጭ አልኩ። በእኛ አገር ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፤ ፅንሱ ይደነግጣል ይባላል። ሰው ሙቶባት ሳትሰማ የምትወልድ ሴት ብዙ ናት። እንግዲህ ሬዲዮው ከእኔ የሚደበቅ ወሬ አለው ማለት ነው። ያ ወሬ ደግሞ ከአየነው ሌላ ምን ይሆናል? ሬዲዮ የአንድ ገበሬ ልጅ ስም ጠርቶ እንደማያረዳ ማን ይንገረኝ!

ድንጋዮቹን በቀሚሴ ይዤ እሜቴ ፊት ዘረገፍኳቸው።

«እሜቴ፣ አየነው ሞቷል?»

«ማን አለሽ?»

«ይኸው፣ ጎታው።»

ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ለቀሙ። «ጊዮርጊስን፣ የወንድምሽን ክፉ አልሰማሁም።»

«ነፍሰ ጡር እንዳትደነግጥ ብሎ የማለ አይኮነንም ይላሉ። ከእርስዎው አፍ ነው የሰማሁት።»

«አንቺ ደግሞ የማይሆነውን ትይዣለሽ!»

«ገሳይ ገበያ እሄዳለሁ። ከግንባር የሚመለሱት እዚያ ነው ከመኪና የሚወርዱት። እጠይቃለሁ።»

«በዚህ ሆድሽ?»

«በዚህ ሆዴ።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ግትር!» አሉ። ቀጥለው «ነጠላዬን አቀብይኝ» አሉ።

አብረን ወጣን። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነጭ ነው፤ የታጨደው ማሳ ጭድ ጭድ ይሸታል። እሜቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ ዳገት በመጣ ቁጥር ወገቤን ይዤ እቆማለሁ። አንዱ ዳገት ላይ እንዲያው ጠየቅኳቸው።

«ውዴ ምጡን አልፈራችም?»

«ፈርታ ነበር» አሉ ሳይዞሩ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወለደች። አንቺም ትወልጃለሽ። እግርሽ ሥር እያየሽ ተራመጂ።»

ገሳይ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል። ከበርበሬው ተራ አጠገብ አሰገደች የምትባል ጠላ ሻጭ ነበረች፤ የእሜቴ የልጅነት ባልንጀራ ናት። ገና ከሩቅ ስታየን ጣሳውን ጥላ ተነሣች። ፊቷ የልቅሶ ፊት ነው፣ እጆቿን ዘርግታ መጣች።

«ውይ የሺዬ፣ ውይ እህቴ...»

እሜቴ ሁለት እጇን ለቀም አደረጉና፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብለው «አሰገደች! ምራቴን አላየሻትም አይደል? ይቺትና! የመጀመሪያዋ ነው፣ ቀኗን ነው የምትጠብቀው!» አሏት።

አሰገደች አፏን እንደከፈተች ቀረች። ሆዴን አየች። እሜቴን አየች። «እመቤቴ በሰላም ትገላግልሽ ልጄ» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ። ይቺም ሰምታለች ማለት ነው፤ አገሩ ሁሉ የወንድሜን ሞት ያውቃል፣ የማላውቅ እኔ ብቻ ነኝ አልኩ።

«ይንገሩኝ» አልኳት።

«ምኑን ልጄ?» ብላ ወደ ጋኗ ዞረች።

እኔ ደግሞ መንገዱ ዳር ወዳሉት ወታደሮች ሄድኩ። አንዱን ዐወቅኩት፤ ደሴ ይባላል፣ የእናቴ ቤት ጎረቤት ልጅ። ምርኩዙን አጠገቡ አኑሮ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ድንች ይልጣል። ሰላምታም አላስቀደምኩ።

«ደሴ፣ አየነው የት አለ?»

ቀና አለ። ሆዴን አየ፣ ሳቀ። «አንቺ! ልትወልጂ ነው? አየነው ወጥ ቤት ነው ያለ።»

«ምን ቤት?»

«ወጥ ቤት! ሲያማስል ነው የሚውል። እኛን ጥይት ያስለቅሰናል፣ እሱን ሽንኩርት። እንዴት እንደወፈረ ብታዪው፤ ቀበቶው አልደርስ ብሎት በገመድ ነው የታጠቀ።»

«የእናቴን ቤት ማማሰያ ነክቶ አያውቅም እኮ!»

«እሱንማ ወጡን ስንቀምስ ዐውቀነዋል» አለኝ።

ሳቄና ልቅሶዬ አንድ ላይ መጣ። ዞሬ «እሜቴ፣ አለ! አየነው አለ!» ብዬ ጮህኩ። እሜቴ በገበያው መሐል ቆመው፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው እልል አሉ። ረዘም ያለ፣ ከሆድ የወጣ እልልታ።

ገበያው ዝም አለ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ነው። ጠላ የሚቀዱት ሴቶች እጃቸው እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ አንዷ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እኔ ግን ልቤ በደስታ ፈርሷል። «ለወጥ ቤት ወታደርም እንዲህ እልል ይባላል?» አልኳቸው እየሳቅኩ።

«በሕይወት ላለ ሁሉ እልል ይባላል» አሉኝ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «በርበሬው ነው፣ ነይ እንሂድ።»

ቤት ስንመለስም ሬዲዮው አልተከፈተም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ደስ ያለው ሰው ብዙ አይጠይቅም። ጥንቅሹ ግን የቆላው ምርት እስኪያልቅ አልተቋረጠም፤ እሜቴ ገበያ በዋሉ ቁጥር «እንኪ፣ ውዴ ልካልሽ ነው» ይሉኛል፣ እኔም «ጎሽ ውዴ!» እያልኩ እመጥጣለሁ።

ምጤ የመጣው ከጥምቀት በኋላ፣ ረፋድ ላይ ነው። ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» ይላሉ፣ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፣ ልጁ አልመጣም አለ። ጉልበቴ አለቀና «እሜቴ፣ መሞቴ ነው» አልኳቸው።

«አትሞቺም!» አሉኝ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእርሳቸው ሰምቼ አላውቅም። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ውዴ ወልዳለች፤ አጠገቧ ነበርኩ። ገንፎዋን በልታለች። አንቺም ትበያለሽ!»

ያቺ ቀጭኗ ውዴ ከወለደች፣ እኔ ወገበ ሰፊዋ ምን ሆኜ ነው አልኩ። እሷን እያሰብኩ ገፋሁ። ሴት ልጅ ወለድኩ። እሜቴ ታቅፈዋት «ምትኬ ትባል» አሉ። «የማን ምትክ ናት?» ብላቸው፣ «የእኔ ናታ፤ አላረጀሁም እንዴ?» አሉኝ። ገንፎዬንም በላሁ።

ሰማንያዋ ወጥቶ ክርስትና ከተነሣች በኋላ ሽማግሌዎች መጥተው አረዱኝ። ውዴ በወባ አርፋለች፣ ሕፃኗም አብሯት አሉ። እሜቴ ያን ቀን ፀጉራቸውን ተቆረጡ። እኔም በዚያ ሰሞን የሆነ መስሎኝ አለቀስኩ። አየነው ጦርነቱ ሲያልቅ በሰላም ተመለሰ፤ አገር ምድሩ ለድግስ ወጥ የሚያሠራው እሱን ሆነ።

ለልጆቹ የነገርኳቸው እስከ ገንፎው ድረስ ነው። ሰናይት ሳቀች፣ ስለ ሽንኩርቱ ደጋግማ ጠየቀች፣ ከዚያ ስልኳን ራሷ አምጥታ «እማማ፣ እርስዎ ጋ ይቀመጥ። እርስዎ እየጠየቁ ይንገሩኝ» አለችኝ። የዛሬን ወሬ አልንቅም፤ አምቡላንስ የሚጠራው፣ ሐኪም የሚገኘው በዚያው ስልክ ነው። ነገር ግን በወሬውና በነፍሰ ጡሯ መካከል የሚቆም ሰው ያስፈልጋል እላለሁ። ማታ ማታ «ባሌ ደረሰ?» ስትለኝ «ደርሷል፣ ብዪ» እላታለሁ። አንዳንዴ ገና ሳይደርስ ነው እንዲያ የምላት። ደግሞም ሁልጊዜ ደርሷል።

አሁን ሰናይት ሆስፒታል በሰላም ተገላግላ፣ ልጇም በአርባው ክርስትና ስለተነሣ፣ ያስቀረሁትን መጻፍ እችላለሁ።

እሜቴ የሺ ያረፉት እኔ ወልጄ ከጨረስኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለልቅሶው አሰገደች ከገሳይ መጣች፤ አርጅታ፣ ሰው ደግፏት። አጠገቤ ተቀመጠችና «ያን ጊዜ በገበያ እልል ስትል፣ የውዴ አርባ ገና አልወጣም ነበር» አለችኝ። «ወባ አይደለም የገደላት። በምጥ ነው፣ የእናቷ እጅ ላይ። ልጁም አልተወለደ።»

ሬዲዮው የተዘጋው፣ ቅቤውም የተተወው ለውዴ ሐዘን እንደነበር ያኔ ገባኝ። «ጥንቅሹስ?» አልኳት።

«ጥንቅሹንማ» አለች፣ «እኔ ነኝ ከቆላ ነጋዴዎች እየገዛሁ የማቆይላት።»