ደሙ የሷ ነው

ልጄ ሰናይት የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ከሆስፒታል በወጣች ሰሞን ገንፎ ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። ስንጨዋወት፣ ሐኪሟ የልጁን እትብት ወዲያው እንዳልቆረጠ፣ ምቱ እስኪያቆም ደረቷ ላይ አስተኝቶ እንደጠበቀ ነገረችኝ። አዲስ አሠራር መስሏታል። እሷ ራሷ እንዴት እንደተወለደች በወጉ ነግሬያት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ነገርኳት።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው በርበሬ በረንዳ በሚባለው ገበያ፣ ከአክስቱ ከእትዬ ወርቄ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ነሐሴ ነበር። በርበሬ እርጥበት ስለማይወድ ጆንያው ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቶ እስከ አልጋችን ተደርድሯል። ብናኙ ጉሮሮ ስለሚከረክር ያን ክረምት ሆዴን ደግፌ ስስል ነው የከረምኩት።

ምጡ ረፋድ ላይ መጣ። ባለቤቴ ታክሲ ፍለጋ ወጣ፤ ግን ጭነት የሚያራግፉ አይሱዙዎች መንገዱን ዘግተውት ኖሮ ሳይመለስ ቀረ። ጎረቤታችን ዘይነባ ሁኔታዬን አይታ በዝናቡ ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች። እትዬ ወርቄ ወገቤን ይዘው «ማርያም ትቅረብሽ» ይሉኛል። ገበያው ሁሉ የሚፈራቸው ሴት ናቸው። ያን ቀን ፊታቸው አመድ ሲመስል ሳይ ከምጡ ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

ዘይነባ አንዲት ወጣት አዋላጅ ነርስ ይዛ ስትደርስ ልጄ እየመጣች ነበር። ተወለደች። አላለቀሰችም። የሚሰማው ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ብቻ ነው። ቀና ብዬ ሳይ መልኳ ጠቁሯል፤ እጆቿ ዝለዋል።

እትዬ ወርቄ ምላጭ ከወረቀቱ አወጡ። አገር ቤት ሳሉ እትብቱ ሳይቆረጥ የዘገየ ልጅ ሲሞት አይተዋል። አሁኑኑ ካልተቆረጠ ታፍና ትቀራለች ብለው ነርሷን ለመኗት። ነርሷ የልጅቷን ጀርባ በፎጣ እያሸች ቀና ሳትል መለሰች።

«አይቁረጡት እትዬ፤ ገና ይመታል። ደሙ የሷ ነው፤ ይድረሳት።»

ድምጿ የረጋ ነበር። ማንን ልመን? ሁለቱም ልጄን ሊያተርፉ ነው የሚጣደፉት፤ ከተሳሳቱ ግን የምትሞተው የኔ ልጅ ናት። ነርሷ እጄን ስባ እትብቱ ላይ አኖረችው። ወፍራም ነው፣ ይሞቃል፣ ውስጡ ትር ትር ይላል።

«ይተዉት» አልኳቸው። እትዬ ወርቄን እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ይሁን ረጅም አላውቅም። ምቱ ከጣቴ ሥር የደከመ በመሰለኝ ቁጥር የኔም ትንፋሽ ይቆማል። ዘይነባ በሹክሹክታ ዱዓ ታደርጋለች። ድንገት ልጄ ሳለች። በዚያ ሁሉ የበርበሬ ብናኝ መሃል በዚህ ዓለም ያሰማችው የመጀመሪያ ድምፅ ሳል ነው፤ ከዚያ ለቅሶው ተከተለ። እትብቱ ቀስ በቀስ ነጥቶ፣ ለስልሶ፣ ዝም ሲል ነርሷ አሰረችና በራሷ መቀስ ቆረጠችው። እትዬ ወርቄ ጆንያ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያለችኝ ዘይነባ ናት።

ሰናይት ይህን ሁሉ ስትሰማኝ ቆይታ፣ «ነርሷ ባትደርስስ ኖሮ?» አለችኝ።

ይህችን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሻት ኖሬያለሁ፤ መልሱን ስለማውቀው። ምላጩን ከእትዬ ወርቄ ተቀብዬ እኔው እቆርጠው ነበር፤ ያውም ላድናት ብዬ። ይህ ግን ለአራስ አይነገርም። ልጁ አጠገባችን ተኝቷል፤ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ትንፋሹን አዳመጥን።