ወደ ላይ የተሰቀሉት የይርገዱ ዓይኖች

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በዓይን ነርስነት ሥራ የጀመርሁ ዕለት የክፍሉ ኃላፊ አቶ ይሁኔ ጣት የምታክል ባትሪ ሰጡኝና በሩ አጠገብ አቆሙኝ።

«በሽተኛው ወንበር ላይ እስኪቀመጥ አትጠብቅ። ሲገባ ጀምረህ እየው። ሰው ግማሹን ይነግርሃል፣ ግማሹን ይደብቅሃል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። እሾህ ወጋኝ ያለው የቡጢ ምልክት ይዞ ይመጣል። አንድ መንጃ ፈቃድ ፈላጊ የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳውን ምልክቶች ወረፋ ላይ ሳለ በቃሉ አጥንቶ ሲወጣልኝ ሰሌዳውን ገልብጬ ያዝሁት። በጥቂት ዓመት ውስጥ ማንንም የማላምን ሰው ሆንሁ። ይህንንም እንደ ሙያ ቆጠርሁት።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ከማንኩሳ በኩል የመጣ ባጃጅ ይርገዱ የምትባል ወጣት ባለትዳር አደረሰ። አብረዋት የመጡት አማቷ እማማ ጥሩዬና አባቷ አያ ቢያድግልኝ ናቸው። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። አንገቷ ወደ ኋላ ተቆልምሟል፣ መንጋጋዋ ገጥሟል። ዓይኖቿ ወደ ላይ ከመሰቀላቸው የተነሣ ነጩ ብቻ ነው የሚታየው።

«ጣቴን ተከተይ» አልኋት። ዓይኖቿን ለማውረድ ታገለች። ትንሽ ወረዱና ተመልሰው ተሰቀሉ። እንባዋ በጉንጯ ፈሰሰ። ትሰማኛለች ማለት ነው።

«ዛሬ የወሰደችው መድኃኒት አለ?»

«ምንም» አሉ እማማ ጥሩዬ፣ ገና ሳልጨርስ። ፍጥነታቸው አላማረኝም። እጃቸውም ከመቀነታቸው አይለይም።

«ጎረቤት ዛር ነው ስላለን ጠበል ልንወስዳት ነበር» ብለው ጨመሩ፣ መሬት መሬት እያዩ።

«ምን ዛር አለ፣ ዶክተር!» አሉ አያ ቢያድግልኝ። እኛ ዘንድ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። «ልጄ እነሱ ቤት ከገባች ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። አሁን ደግሞ ይኸው። አንድ ነገር አቅምሰዋታል።»

ሐኪሟን ዶክተር ሕይወትን ለመጥራት ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ አገኘኋትና ድምፄን ሳልቀንስ «መርዝ ሳይሆን አይቀርም፤ አማትየዋን እጠረጥራለሁ» አልኋት።

ዞር ስል አያ ቢያድግልኝ ከኋላዬ ቆመዋል። ስልካቸውን አውጥተው «ወንድሞችህን ይዘህ ና» አሉ፤ የጠሩት ታላቁን ልጃቸውን ነበር።

ዶክተር ሕይወት ይርገዱን አየቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«መድኃኒት ጠይቀሃል?»

«ጠይቄያለሁ፤ ምንም ነው የሚሉት።»

«በማን ፊት ነው የጠየቅኸው?»

«በአባቷ ፊት» አልኋት። እማማ ጥሩዬን ብቻቸውን ወደ ምርመራ ክፍል አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«እናቴ፣ የወሰደችውን ካወቅን ቶሎ እንረዳታለን። እርስዎ ያውቃሉ።»

መቀነታቸውን ፈተው ሦስት ፍሬ የጎደለበት የእንክብል ቅጠል አወጡ።

«አርግዛለች። ይኸኛውም እንዳይወርድባት ፈርታ ለሰው እንዳልናገር አስምላኛለች፤ ለአባቷም ጭምር። ሲያስመልሳት አላስችል አለኝ። እኔን ሲያስመልሰኝ ቡሬ ከገዛሁት የተረፈ ነበር። ቶሎ ይሻላት ብዬ ሦስቱን ባንዴ ሰጠኋት።»

«አባቷ በመርዝ ሲጠረጥሩዎት ዝም አሉ?»

«ምያለሁ እኮ፣ ልጄ።»

እንክብሉ ሜቶክሎፕራማይድ የሚባለው የማስታወክ ማስታገሻ መድኃኒት ነበር። ዶክተር ሕይወት መርፌውን እያዘጋጀች አስረዳችኝ። ዓይንን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘው የአንጎል ግንድ ላይኛው ክፍል ነው፤ ነርቮች እዚያም ሆነ ከዚያ በላይ የሚነጋገሩት በኬሚካል መልእክተኞች አማካይነት ነው። መድኃኒቱ ዶፓሚን የተባለውን መልእክተኛ ይዘጋል። አንደኛው ሲዘጋ ሌላው፣ አሴቲልኮሊን፣ ያይላል፤ ሚዛኑ ሲፋለስ ዓይን ተሰቅሎ ይቀራል። ዶክተሯ በመርፌ የሰጠቻት ዲፈንሃይድራሚን ያየለውን መልሶ ያረግበዋል።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የይርገዱ ዓይኖች ቀስ ብለው ወረዱ። መንጋጋዋ ተላቀቀ። አማቷን ፈልጋ አየች።

«ነገሩብኝ?»

«ነገርሁብሽ። ይቅር በይኝ» አሉ እማማ ጥሩዬ፣ እጇን ይዘው።

የይርገዱ ወንድሞች ዱላ ይዘው ከግቢው በር ደርሰው ነበር። አባታቸውን ይዤ ወጣሁና በሁሉም ፊት «መርዝ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። ሴትዮዋ በደል የለባቸውም» አልሁ።

አያ ቢያድግልኝ ረጋ ብለው አዩኝ። «ዶክተር፣ እኛ ሴትዮዋን መንገድ ላይ ብናገኛቸው ኖሮስ?»

እሳቸው ገብተው የእማማ ጥሩዬን ጉልበት ሊስሙ አጎነበሱ። ሴትዮዋ በሁለት እጃቸው ይዘው አነሷቸው።

ይርገዱ በወራቷ ሴት ልጅ ወለደች። የነገሩኝ እማማ ጥሩዬ ናቸው፣ የዓይናቸውን ሞራ ሊመረመሩ ሲመጡ። ይቅር ብለውኛል። ቢሆንም ጠብታ ላደርግላቸው ስል «ምንድን ነው?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ብልቃጡን አሳየኋቸው።

ለተተኪዎቼ የምለው ይህ ነው። ዓይኑ ወደ ላይ የተሰቀለ በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የወሰደውን መድኃኒት ጠይቁ። ቤተሰቡን አንድ በአንድ፣ ለየብቻ ጠይቁ። ምርመራው ሳያልቅ ጥርጣሬያችሁን ኮሪደር ላይ አትናገሩ።