መርፌው ጆሮ አያደነዝዝም

ዙፋን ወረታ ላይ በቀዶ ጥገና ክፍል ነርስነት አሥራ ሁለት ዓመት ስትሠራ በእጇ ልስላሴ ትመሰገን ነበር። አንድ ክረምት የፎገራ ጭቃ አንሸራትቶ እግራቸውን የሰበራቸው እማማ አልጋነሽ መጡና ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ ተወጉ። ሐኪሙ ሥራውን ሲጀምር ዙፋን ወደ ባልደረባዋ ወደ ክንዴ ጠጋ ብላ፣

«ሸክላ ሠሪ ናት አሉ፤ ዓይኗን እንዳታይ፣ ትበላሃለች» ብላ ሳቀች።

ክንዴ አልሳቀም። ሴትዮዋ እንዳልተኙ ያን ጊዜ ትዝ አላት። ዘወር ስትል ዓይናቸውን ግጥም አድርገው ጨፍነዋል።

«እማማ፣ አመመዎት እንዴ? እስቲ ዓይንዎን ይግለጡ።»

«አላመመኝም ልጄ። እንዳትፈሪ ብዬ ነው።»

ዙፋን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሳቸው ግን ሥራው እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ጨፈኑ ቆዩ።

ከሰዓት በኋላ አልጋቸው ሥር ተንበርክካ፣ «ይቅር ይበሉኝ፤ አፌን ይቁረጠው» አለች።

«ኧረ ተነሺ፣ እኛ ለምደነዋል» አሏት በለሆሳስ።

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ከሆስፒታል እስኪወጡ ድረስ ቁስላቸውን ለሌላ ነርስ ሳትሰጥ ራሷ አጠበች፤ ቀና ብላ ፊታቸውን ማየት ግን አልሆነላትም።